ብርሃን የሚያዩ የሬዲዮ ዕቃዎች፤ ከሴሌንየም እስከ ሬማ መንደር የተደረገ አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ በግንደ ወይን ዙሪያ ባለው ገጠር፥ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ፥ የሬዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ቶሎ አይጣልም። በቆርቆሮ ክዳን ወይም በአጥር ካብ ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ ማታ ተመልሶ ወደ ሬዲዮው ሲገባም ጥቂት ጊዜ ያሠራል። ባለቤቱም «ፀሐይ ሞላው» ይላል። ይህ አባባል ለጆሮ ይጥማል፤ ለፊዚክስ ተማሪ ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣበታል። ድንጋዩን ያነቃው የፀሐይ ብርሃን ነው ወይስ የፀሐይ ሙቀት?

ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም ታላላቅ ሊቃውንት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የደከሙበት ጥያቄ ነው። ከዚህም ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ይወለዳል። በየሬዲዮ ጠጋኙ ሣጥን ውስጥ ተጥለው ከሚገኙት ትራንዚስተሮች፥ ዳዮዶችና የመብራት ፍሬዎች መካከል ብርሃንን ተቀብሎ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ አለን? ካለስ ለምን ያህል ሥራ ይበቃል? «ከወደቀ ዕቃ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ይሠራል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ «ይህ የልጅ ጨዋታ ነው» የሚሉም አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም ወገኖች እውነት ያላቸው በከፊል ብቻ መሆኑን ከታሪኩ ላይ ማሳየት ነው። ተራው የሬዲዮ ዕቃ ብርሃንን የሚያይ ዓይን ሊሆን ይችላል፤ ቤትን የሚያበራ ምንጭ ግን ሊሆን አይችልም። ይህን ልዩነት ማወቅ ገንዘብ ለሚያጥረው ትምህርት ቤትም ሆነ ለገበሬው ቤት ይጠቅማል።

አንባቢ እንዳይቸገር አስቀድሞ ሊገለጥ የሚገባው፥ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸው ነው።

1ኛ፤ ጥላና ድንጋይ

ፀሐይን መለካት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሰዓት ባልነበረበት ዘመን የጾም ሰዓት መድረሱን ለማወቅ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ጥላው የደረሰበትን ምልክት ካደረገ በኋላ በገዛ ጫማው ይሰፍር ነበር። ረጅም ሰው ጥላው ረጅም ነው፤ ነገር ግን ጫማውም እንደ ቁመቱ ስለሚረዝም ስፍሩ ከሰው ሰው ብዙ አይለያይም። ይህ ታላቅ ብልኀት ነው፤ መለኪያው ከሚለካው ሰው አካል ላይ የተገኘ ነውና። ግንደ ወይን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ይኸውም በሚያዝያና በነሐሴ ወር፥ በቀትር ከራስ በላይ ትቆማለች፤ በዚያን ጊዜ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይገባል። ስለዚህ በጥላ የሚሰፍር ሰው በየወሩ ስፍሩ እንደሚለወጥ ማወቅ ነበረበት።

ይሁን እንጂ ጥላ የሚያስታውቀው ፀሐይ ያለችበትን ስፍራ እንጂ የብርሃንዋን ብዛት አይደለም። ደመና ሲመጣ ጥላ ይጠፋል፤ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንስ ወይም በሩብ ጥላ ሊነግረን አይችልም። የብርሃንን ብዛት ለመለካት ብርሃኑ ራሱ አንዳች ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ያስፈልጋል።

ወደ ባትሪው ድንጋይ እንመለስ። ተራው ድንጋይ የዚንክ ቆርቆሮ፥ የማንጋኒዝ ዱቄትና እርጥብ ጨው ያለበት የታሸገ ዕቃ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው እነዚህ ነገሮች እርስ በርሳቸው ሲበላሉ ነው። ድንጋዩ ሲሠራ ውሎ የደከመ እንደ ሆነ በውስጡ ያለው ቅመም ሁሉ አላለቀም፤ ነገር ግን ሥራው በሚካሄድበት ቦታ ላይ ያለው ቀድሞ ተበልቶ ሌላው በጊዜ ሊደርስለት አልቻለም። ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ሙቀቱ የውስጡን እርጥበት ያንቀሳቅሰዋል፤ ያልተበላው ወደ ተበላው ስፍራ ይደርሳል፤ ድንጋዩም ጥቂት ይነቃል። ዕረፍቱም ራሱ ይረዳዋል። ብርሃን ግን ወደ ድንጋዩ ውስጥ አይገባም፤ ቆርቆሮና ወረቀት ለብሷልና። ከእሳት አጠገብ ቢቀመጥም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ «ፀሐይ ሞላው» የሚለው ቃል ትክክል አይደለም፤ ፀሐይዋ የቀረውን እንዲያወጣ አሞቀችው እንጂ አዲስ ኃይል አልጨመረችለትም። ድንጋዩ ደጋግሞ ሲሞቅም ቆርቆሮው ይበሳና ውኃው ፈስሶ ሬዲዮውን ያበላሻል።

2ኛ፤ ሙቀት ነው ወይስ ብርሃን? (ከ1839 እስከ 1883)

ብርሃን ራሱ ኤሌክትሪክን እንደሚያስነሣ መጀመሪያ ያስተዋለው ኤድሞን ቤክሬል የተባለ የፈረንሳይ ወጣት ነው። ይህም በ1839 የሆነ ሲሆን ዕድሜው ገና 19 ዓመት ነበር። በፈሳሽ ውስጥ ሁለት የብረት ቅጠሎችን አጥልቆ ብርሃን ሲያበራበት የኤሌክትሪክ ፍሰት አገኘ። ነገር ግን በዘመኑ ለዚህ ግኝት ሥራ የሚሰጠው ሰው አልተገኘም።

ጉዳዩን እንደ ገና ያስነሣው ስለ ብርሃን የማያስብ ሰው ነበር። ዊሎቢ ስሚዝ የተባለው እንግሊዛዊ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ከባሕር በታች የሚዘረጋውን የቴሌግራፍ ሽቦ የሚፈትን ነበር። ለዚህም ሥራ ኤሌክትሪክን እጅግ የሚያግድ ዕቃ ስላስፈለገው ሴሌንየም የተባለውን ነገር በዘንግ መልክ አሠርቶ ይጠቀምበት ጀመር። የሴሌንየሙ ዘንግ ግን አንድ ጊዜ ብዙ፥ ሌላ ጊዜ ጥቂት እያገደ አስቸገረ። ለመለኪያ የታሰበ ዕቃ እንዲህ ያለ ጠባይ ካለው ለሥራው አይረባም። ስሚዝና ረዳቶቹ ነገሩን ሲመረምሩ ልዩነቱ ዘንጉ ያለበት ሣጥን ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚመጣ ሆኖ ተገኘ። ክዳኑ ሲከፈት ብርሃን ይገባል፤ ሴሌንየሙም ማገዱን ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ስሚዝ ያደረገው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ብርሃን ሲገባ ሙቀትም አብሮ ስለሚገባ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ዘንጉን በውኃ ውስጥ አደረገና ብርሃኑ በውኃው ውስጥ አልፎ እንዲደርስበት አደረገ። ውኃው ሙቀቱን ያስቀራል፤ ብርሃኑን ግን ያሳልፋል። ውጤቱ አልተለወጠም። ስለዚህም በ1873 ምክንያቱ ብርሃን መሆኑን ለሊቃውንት አስታወቀ።

በ1876 ደግሞ ዊልያም አዳምስና ተማሪው ሪቻርድ ዴይ ሴሌንየም በብርሃን ማገዱን መቀነስ ብቻ ሳይሆን፥ ሌላ የኤሌክትሪክ ምንጭ ሳይኖር፥ በራሱ የኤሌክትሪክ ፍሰት እንደሚሰጥ አገኙ። በ1883 ቻርልስ ፍሪትስ የተባለ አሜሪካዊ በሴሌንየም ላይ እጅግ የሳሳ የወርቅ ቅጠል ለጥፎ የመጀመሪያውን የፀሐይ ኤሌክትሪክ ገበታ ሠራ። ከደረሰበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነበር። ለመብራት የማይበቃ ሲሆን ብርሃንን ለመለካት ግን በቂ ነበር፤ ስለዚህ ሴሌንየም በፎቶግራፍ አንሺዎች የብርሃን መለኪያ ውስጥ ብዙ ዘመን አገልግሏል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ ግኝቱ የመጣው ለሌላ ሥራ ከታሰበ ዕቃ ጉድለት ነው። ሁለተኛ፥ ገና ከመጀመሪያው መንገዱ ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ መንገድ ብርሃንን ወደ ማየት፥ ሁለተኛው ከብርሃን ኃይልን ወደ ማግኘት። የመጀመሪያው ቀላል ሆነ፤ ሁለተኛው ገና 71 ዓመት ፈጀ።

3ኛ፤ የተሰነጠቀው ሲሊከን (ከ1940 እስከ 1958)

የኃይሉን መንገድ የከፈተው ደግሞ እንደ ገና ጉድለት ያለበት ዕቃ ነው። በ1940 በአሜሪካ በቤል የምርምር ቤት ራስል ኦል የተባለ ሰው ሬዲዮ ለመቀበል የሚያገለግሉ የሲሊከን ቁራጮችን ይመረምር ነበር። ከቁራጮቹ አንዱ በመካከሉ የተሰነጠቀ ነበር። በዚህ ቁራጭ ላይ መብራት ሲበራበት የግማሽ ቮልት ያህል ኤሌክትሪክ ሰጠ፤ በዘመኑ ከሚታወቁት ብርሃን ተቀባዮች ሁሉ ይህ በጣም የሚበልጥ ነበር። ምርመራው ሲቀጥል ከስንጥቁ በአንድ ወገን ያለው ሲሊከንና በሌላው ወገን ያለው ሲሊከን በውስጣቸው ያለው ጥቂት ባዕድ ነገር የተለያየ መሆኑ ታወቀ። የሁለቱ መገናኛ ድንበር የኤሌክትሪክን መሄጃ በአንድ አቅጣጫ የሚወስን በር ሆኖ ተገኘ። የዛሬው ዳዮድ፥ ትራንዚስተርና የፀሐይ ኤሌክትሪክ ገበታ ሁሉ የሚሠሩት በዚህ ድንበር ነው።

ነገሩ በቀላሉ ሲገለጥ እንዲህ ነው። ሲሊከንና ጀርመኒየም የመሳሰሉት ከፊል አስተላላፊ ይባላሉ። በጨለማ ኤሌክትሮኖቻቸው በየቦታቸው ታስረው ይቀመጣሉ። ብርሃን እንደ ፍሬ ተከፋፍሎ እንደሚመጣ አልበርት አይንሽታይን በ1905 አስረድቷል፤ በቂ ኃይል ያለው አንድ የብርሃን ፍሬ አንዱን ኤሌክትሮን ከእስራቱ ይፈታዋል። የተፈታው ኤሌክትሮን በድንበሩ አጠገብ ከሆነ ድንበሩ ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። ብዙ ኤሌክትሮኖች ወደ አንድ ወገን ሲገፉ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሆናል። ስለዚህ ድንበር ያለበት ዕቃ ሁሉ፥ ለምንም ሥራ ይታሰብ፥ ብርሃን ከደረሰው ኤሌክትሪክ ይሰጣል።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዚያው በቤል ቤት ዳርል ቼፒን የተባለው መሐንዲስ አንድ ሥራ ተሰጠው። በሞቃትና እርጥብ አገር በሩቅ ስፍራ ላይ ያለው የቴሌፎን መሣሪያ የሚሠራበት ደረቅ ድንጋይ ቶሎ ስለሚበላሽ ሌላ የኃይል ምንጭ እንዲፈልግ ታዘዘ። ቼፒን በሴሌንየም ጀመረ፤ ውጤቱ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። ጄራልድ ፒርሰን ሲሊከን እንዲሞክር መከረው፤ ካልቪን ፉለር ደግሞ ሰፊውን የሲሊከን ቅጠል ድንበር በላዩ ላይ አጠገብ የሚሆንበትን ዘዴ አገኘ። ሦስቱ ሰዎች በሚያዝያ 1954 ከብርሃኑ ከመቶ ስድስት እጁን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን የፀሐይ ባትሪ ለሕዝብ አሳዩ። በመጋቢት 1958 ወደ ጠፈር የተላከችው ቫንጋርድ 1 የተባለችው ሳተላይት ከያዘቻቸው ሁለት የሬዲዮ ማስተላለፊያዎች አንዱ በድንጋይ የሚሠራ ሲሆን ከጥቂት ወራት በኋላ ዝም አለ፤ በፀሐይ ባትሪ የሚሠራው ግን እስከ 1964 መልእክት ሲልክ ቆየ።

እንግዲህ የፀሐይ ባትሪ የተወለደው የደረቅ ድንጋይን ድካም ለማስወገድ ሲታሰብ ነው። የቼፒን ችግርና ድንጋዩን ፀሐይ ላይ የሚያሰጣው የጎጃም ገበሬ ችግር አንድ ነው። ልዩነቱ አንዱ የምርምር ቤት ያለው መሆኑ ነው።

4ኛ፤ ቀለሙ የተፋቀ ትራንዚስተር

ትራንዚስተር በታኅሣሥ 1947 በዚያው በቤል ቤት ተገኘ፤ በ1954 መጨረሻም በትራንዚስተር የሚሠራ የኪስ ሬዲዮ ለገበያ ቀረበ። በ1950ዎቹ በኤውሮፓ ብዙ ይሸጡ ከነበሩት ትራንዚስተሮች አንዱ ኦሲ 71 የሚባለው የጀርመኒየም ትራንዚስተር ነው። ይህ ዕቃ በትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የታሸገ ሲሆን ብርጭቆው በጥቁር ቀለም የተቀባ ነበር። ቀለሙ ለጌጥ አልነበረም፤ ብርሃን እንዳይገባ ነበር እንጂ። ሬዲዮ መሥራት የሚወዱ ወጣቶች ቀለሙን በምላጭ ሲፍቁት ተራው ትራንዚስተር ብርሃን የሚያይ ትራንዚስተር ሆነ። ፋብሪካው ራሱ ይህንኑ ዕቃ ያለ ጥቁር ቀለም ኦሲፒ 71 ብሎ በተወደደ ዋጋ ይሸጥ ስለ ነበር ቀለም መፋቅ ገንዘብ የሚያተርፍ ጥበብ ሆነ። ኋላም ፋብሪካው የቱቦውን ውስጥ ብርሃን በማያሳልፍ ቅባት እንደ ሞላው ይነገራል።

በኋላ የመጣው 2ኤን 3055 የተባለው ታላቁ የሲሊከን ትራንዚስተር በብረት ቆብ የተሸፈነ ነው። ቆቡ በመጋዝ ሲነሣ በውስጡ ያለው የሲሊከን ቅጠል ፀሐይ ላይ ግማሽ ቮልት ያህል ይሰጣል። የብርጭቆ ልብስ ያላቸው ትናንሽ ዳዮዶችም ደካማ ድምፅ በሚያጎላ መሣሪያ ውስጥ ሲገቡ፥ በ50 ዙር ኤሌክትሪክ የሚሠራው የፍሎረሰንት መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ሲርገበገብ ያንን እየተቀበሉ ጉምጉምታ ያሰማሉ። በ1975 ደግሞ ክሮሜምኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የኮምፒውተር ማስታወሻ ቺፕ ክዳኑን በብርጭቆ ለውጦ ሳይክሎፕስ የተባለውን ካሜራ ሠራ፤ በማስታወሻው ያሉት 1,024 ክፍሎች እያንዳንዳቸው አንድ የሥዕል ነጥብ ሆኑ። ሕጉ እስከ ቅርብ ጊዜም አልተሻረም። በ2015 ራስበሪ ፓይ 2 የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር በፎቶግራፍ ብልጭታ ሲበራበት እየጠፋ አስቸግሯል፤ ምክንያቱም ከቺፖቹ አንዱ ጥቁር ልብስ ስላልነበረው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን ኤል.ኢ.ዲ. የሚባለው የመብራት ፍሬ ነው። ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኒክ ሆሎንያክ በ1962 ሠራ። ይህ ፍሬ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ብርሃን ይሰጣል፤ ብርሃን ሲሰጡት ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ፎረስት ሚምስ የተባለው አሜሪካዊ በ1970ዎቹ አንዱ ፍሬ በተራ እየተናገረና እየሰማ በብርሃን መልእክት ሊያስተላልፍ እንደሚችል አሳየ። ፍሬው የሚያየው ሁሉንም ቀለም አይደለም፤ ራሱ ከሚሰጠው ቀለም ጋር የሚቀራረበውን ብቻ ነው። ሚምስ ይህን ጠባይ ተጠቅሞ የሰማይን ጭጋግ የሚለካ ርካሽ መሣሪያ ሠራ፤ ስለዚሁም በ1992 በአንድ የብርሃን ጥናት መጽሔት ላይ ጽፏል። የመሣሪያው ዓይነት ኋላ በብዙ አገሮች ላሉ ተማሪዎች የአየር ምርምር መርሐ ግብር አገልግሏል። ሚምስ በትምህርቱ የፊዚክስ ሰው አልነበረም።

5ኛ፤ ለዓይን ይበቃል፥ ለቤት አይበቃም

አሁን በመግቢያው ወደ ተነሣው ክርክር እንመጣለን። ጉዳዩ የሚፈታው በቀላል ሒሳብ ነው። በጠራ ቀን በቀትር በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚወርደው የፀሐይ ኃይል 1,000 ዋት ያህል ነው። የአንድ ትልቅ ትራንዚስተር የሲሊከን ቅጠል በአራት ሚሊ ሜትር አራት ሚሊ ሜትር ነው ብንል ስፋቱ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚህ ላይ የሚወርደው 16 ሚሊ ዋት ብቻ ነው። ከመቶ አሥሩን እጅ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል ብንል እንኳ 1.6 ሚሊ ዋት እናገኛለን። ስለዚህ ለአንድ ጎጆ መብራት የሚሆን 10 ዋት ለማግኘት ከ6,000 በላይ ትራንዚስተሮች መግዛት፥ መክፈትና ማገናኘት ያስፈልጋል። የኤል.ኢ.ዲ. ፍሬ ከዚህም ያንሳል፤ ቀዩ ፍሬ ፀሐይ ላይ አንድ ቮልት ተኩል ያህል ቢያሳይም የሚሰጠው ፍሰት በማይክሮ አምፔር የሚቈጠር ነው። ቮልቱን ብቻ አይቶ «የድንጋይ ያህል ኃይል አለው» ማለት የውኃውን ከፍታ አይቶ ብዛቱን እንደ መገመት ነው።

ለመለካት ግን ብዙ ኃይል አያስፈልግም። ፍሰቱ ጥቂት ይሁን እንጂ ከብርሃኑ ጋር እኩል ይሄዳል፤ ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱም እጥፍ ይሆናል። ይህ ለመለኪያ ከሚፈለገው ጠባይ ሁሉ ዋናው ነው። ስለዚህ «ከወደቀ ዕቃ ኤሌክትሪክ ይሠራል» የሚሉት ወገኖች በሒሳቡ ይሸነፋሉ፤ «የልጅ ጨዋታ ነው» የሚሉት ደግሞ በታሪኩ ይሸነፋሉ፤ የስሚዝ ሴሌንየምና የኦል ሲሊከን ሁለቱም ለሌላ ሥራ ታስበው የነበሩ ዕቃዎች ናቸውና።

6ኛ፤ በኢትዮጵያ የሆነው

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወደ ገጠራችን በብዛት የገባው በትራንዚስተር ሬዲዮ ነው። የቀድሞው ባለ አምፖል ሬዲዮ ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ ከተማ ለከተማ ተወስኖ ነበር። ትራንዚስተር ግን በጥቂት ድንጋይ ስለሚሠራ የኤሌክትሪክ መሥመር ያልደረሰበት ሁሉ ደረሰ። በ1963 በአዲስ አበባ ሥራውን ጀምሮ እስከ 1977 የቆየውን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ የገጠሩ ሰው ሊሰማ የቻለው በዚህ ዓይነት ሬዲዮ ነው። ከሬዲዮው ጋር የድንጋይ ወጪ መጣ፤ ከድንጋይ ወጪም ድንጋይ የማስጣት ልማድ መጣ።

የፀሐይ ኤሌክትሪክ በአገራችን ቀድሞ ሥራ ላይ የዋለው ቼፒን እንዳሰበው ለቴሌኮሙኒኬሽን ነው፤ በተራራ ላይ የሚተከሉት የገጠር ቴሌፎን ጣቢያዎች ዋነኞቹ ተጠቃሚዎች ሆነው ቆይተዋል። ለመንደር መብራት የታሰበው የመጀመሪያው ሥራ በ1980ዎቹ አጋማሽ በአገሪቱ መካከለኛ ክፍል የተተከለው 10.5 ኪሎ ዋት ነው፤ በ1989 ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ የውኃ መሳቢያና ወፍጮ ጭምር እንዲያሠራ ተደርጎ ነበር።

በአማራ ክልል በይበልጥ የታወቀው ምሳሌ በሰሜን ሸዋ የምትገኘው የሬማ መንደር ነች። ከ2006 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ከጀርመን የመጣ አንድ የፀሐይ ኃይል ድርጅት በመንደርዋ ከአንድ ሺህ በላይ በሆኑ ቤቶች ትናንሽ የፀሐይ ገበታዎችን አስተከለ። የእያንዳንዱ ቤት ገበታ 10 ዋት ያህል ሲሆን የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶችና የሬዲዮ መሰኪያ ነበሩት። የሬማ ታሪክ ከሌሎቹ የሚለየው ገበታው በመተከሉ ብቻ አይደለም። ወጣቶች ተከላና ጥገና እንዲማሩ ተደረገ፤ ተጠቃሚውም ለጥገናው እንዲከፍል ተደረገ። ዕቃው ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው እዚያው እንዲገኝ መታሰቡ ከዋቱ ብዛት ይበልጣል።

በኢትዮጵያ በአማካይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን 5.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። ስለዚህ ባለ 10 ዋቱ ገበታ በቀን 50 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ይህም አምስት ዋት የሚፈጁ መብራቶችን አሥር ሰዓት የሚያበራ ነው። ከኩራዝ ጢስ ለሚያጠና ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በሬማ ጣሪያ ላይ ያለው ገበታና በቤቱ ውስጥ ያለው የኤል.ኢ.ዲ. ፍሬ ዘመዳሞች ናቸው። አንዱ ብርሃን ተቀብሎ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ብርሃን ይሰጣል፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው ግን ኦል በተሰነጠቀው ቁራጭ ያየው ድንበር ነው።

7ኛ፤ ለትምህርት ቤቶቻችን የሚሆን አሳብ

ዛሬ በግንደ ወይን፥ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ገበያ በፀሐይ የሚሠሩ የእጅ መብራቶች ይሸጣሉ። ሲበላሹም ብዙ ጊዜ የሚሞተው የውስጡ ባትሪ እንጂ ፍሬው ወይም ገበታው አይደለም። እነዚህ ለፊዚክስ ትምህርት የሚሆኑ ዕቃዎች ናቸው። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ብርሃንና ኤሌክትሪክ የተማርነው ከመጽሐፍ ብቻ ነበር፤ ብዙ የትምህርት ጓደኞቼም በየትምህርት ቤታቸው እንደዚሁ መማራቸውን ይናገራሉ። ስለዚህ አስተማሪዎች የሚከተለውን እንዲሞክሩ አሳብ አቀርባለሁ።

ልብሱ እንደ ውኃ የጠራ ቀይ የኤል.ኢ.ዲ. ፍሬ ወስዶ ሁለት እግሮቹን ቍጥር ከሚያሳይ ቴስተር ጋር ማገናኘት፤ ፍሬውን ወደ ፀሐይ ማዞርና ቮልቱን ማንበብ። ቀስት ያለው አሮጌ ቴስተር ራሱ ብዙ ፍሰት ስለሚወስድ ለዚህ አይመችም። ቀጥሎ በእጅ፥ በነጠላ፥ በቀለም ያለው ላስቲክ መጋረድና ልዩነቱን መመዝገብ። ከዚያም የስሚዝን ፈተና መድገም ነው፤ ብርሃኑን ውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ አሳልፎ ማየት፥ ቀጥሎም ፍሬውን በጨለማ ማሞቅ። ተማሪው ቴስተሩ ለብርሃን ታዝዞ ለሙቀት አለመታዘዙን በዓይኑ ሲያይ፥ ብርሃንና ሙቀት የተለያዩ መሆናቸውን ማንም ሳይነግረው ይረዳል። በየሰዓቱ የፍሬውን ፍሰት በአንድ ዓምድ፥ የጥላውን ስፍር በጫማ በሌላ ዓምድ ቢጽፍ ደግሞ የአባቶቹን መለኪያና የዘመኑን መለኪያ በአንድ ወረቀት ላይ ያገናኛል። ብዛትን ለማነጻጸር መመዝገብ ያለበት ፍሰቱ ነው፤ ቮልቱ ብርሃን ሲበዛ በጥቂቱ ብቻ ያድጋልና።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ትራንዚስተር በመጋዝ መክፈት ለተማሪ የሚመከር አይደለም፤ በአንዳንድ ከፍተኛ ኃይል ባላቸው የማስተላለፊያ ትራንዚስተሮች ውስጥ ያለው ነጭ ሸክላ መሰል ነገር ዱቄቱ ሳንባን ክፉኛ የሚጐዳ ነው። አሮጌ የሴሌንየም ዕቃም ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ መርዝ ነው። የኤል.ኢ.ዲ. ፍሬ ግን መክፈት ስለማያስፈልገው ከዚህ አደጋ ነጻ ነው። ፀሐይንም በቀጥታ በዓይን ማየት አይገባም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጠው፥ ከቤክሬል እስከ ሬማ ያለው ታሪክ በሁለት መንገድ ይሄዳል። የኃይሉ መንገድ ንጹሕ ሲሊከን፥ ሰፊ ገበታና የሠለጠነ ጠጋኝ ይፈልጋል፤ በዚህ በኩል ከወደቀ ዕቃ ተአምር የሚጠብቅ ሰው ጊዜውንና ጥቂት ገንዘቡን ያጠፋል፤ ቀበሌውም ቤቱን ማብራት ቢሻ እንደ ሬማ ደኅና ገበታ ገዝቶ ጠጋኙን ማስተማር ይሻለዋል። የማየቱ መንገድ ግን ለሁሉ ክፍት ነው። ስሚዝ በሴሌንየሙ፥ ኦልም በተሰነጠቀው ቁራጭ ተናደው ቢጥሉአቸው ኖሮ ግኝቱ በሌላ ሰው እጅ እስኪወድቅ ይዘገይ ነበር። ሁለቱም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ዕቃው እንደ ታሰበው አልሠራ ሲል «ለምን?» ብለው ጠየቁ።

በአገራችን ተማሪ ዘንድ ምርምር የሚባለው ነገር ውድ መሣሪያ ካለበት ቤት በቀር የማይገኝ መስሎ ይታያል። የአንድ የመብራት ፍሬ ዋጋ ግን ከአንድ ደብተር ዋጋ አይበልጥም፤ ፀሐይም በጎጃም ሰማይ ላይ ያለ ዋጋ ትወጣለች። የጐደለው መለኪያ ሳይሆን የመለካት ልማድ ነው። ይህም ልማድ በግንደ ወይን ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ሊጀመር ይችላል።